ከአምባ የወረደና ከሐይቅ የተላከ፦ የነርስ ተማሪዎችን ለመሪነት የማዘጋጀት ታሪክ

ከደሴ ከተማ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ መንገደኛ ከሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ አጠገብ በተንጣለለው ሐይቅ፣ ቀድሞ ደሴት በነበረውና ዛሬ ከየብሱ ጋር በተያያዘው ምድር ላይ፣ ጥንታዊው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ጉዞውን የቀጠለ እንደሆነ ደግሞ የአምባሰል ተራሮች ይቀበሉታል። ግሼን አምባ የሚገኘው በእነዚህ ተራሮች መካከል ነው፤ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውል የተፈረመባት ውጫሌም የዚሁ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት።

ሐይቅና አምባሰል ጎረቤታሞች ናቸው። ይሁን እንጂ በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ መሪ የሚገኝባቸው ሁለት የተለያዩ መንገዶች ምሳሌ ሆነው ኖረዋል። ከአምባው መሪ ይወርድ ነበር፤ ከሐይቁ መሪ ይላክ ነበር። በመውረድና በመላክ መካከል ያለው ልዩነት ለታሪክ ተመራማሪ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የሚከታተሉ የነርስ ተማሪዎች ነገ የሚጠብቃቸውን ኃላፊነት እንዴት ተዘጋጅተው ይረከባሉ የሚለው ጥያቄ ከዚሁ ልዩነት ጋር የተያያዘ ነው።

ግሼን፦ ተጠብቆ የሚቆይ መሪ

ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ አንሥቶ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ግሼን አምባ የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች በጥበቃ ሥር የሚኖሩበት ስፍራ ነበር። ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው ጠባብ የሆነው ይህ አምባ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለዙፋን የሚበቁት ሁሉ በየአገሩ ተበትነው ጦር ቢያነሡ መንግሥት ይታወካል፤ በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ቢጠበቁ ግን ዘሩም ይቆያል፣ ሰላሙም ይጸናል ተብሎ ታሰበ። ንጉሥ ባረፈ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ መኳንንት ይመክራሉ፤ መልእክተኛ ወደ አምባው ይወጣል፤ የተመረጠውም ልዑል ይወርዳል። ትናንት በዘበኛ ይጠበቅ የነበረው ሰው ዛሬ ለአገር ሁሉ ፈራጅና የጦር አዛዥ ይሆናል።

የአምባው ኑሮ ያለ ትምህርት ያለፈ ነበር ማለት አይቻልም። ከግሼን ወርደው በ1426 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መጻሕፍት የደረሱ፣ በመንግሥትም በቤተ ክርስቲያንም አስተዳደር ብርቱ የነበሩ ንጉሥ ናቸው። ነገር ግን አንድ ብርቱ ሰው በአንድ ሥርዐት ውስጥ አልፎ መውጣቱ ሥርዐቱን መልካም አያሰኘውም። አምባው ለተተኪው ንባብን ሊሰጠው ይችል ነበር፤ የነሣው ሥራውን ነው። ልዑሉ ከአዋቂ ዳኛ ጎን ተቀምጦ ፍርድ እንዴት እንደሚሰጥ አላየም። ትንሽ ግዛት ተሰጥቶት፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ አላደገም። ለሹመት ተጠበቀ እንጂ ለሹመት አልተዘጋጀም።

ሐይቅ፦ በሥራ ውስጥ የሚያድግ መሪ

ከግሼን ብዙም በማይርቀው በሐይቅ የተያዘው መንገድ ሌላ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከደብረ ዳሞ የመጡት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳማዊ ሥርዐትንና የትምህርት ጉባኤን አጸኑ። መጻሕፍት አስጻፉ፤ ደቀ መዛሙርትም ከየአቅጣጫው ወደ እርሳቸው መጡ።

በገዳም ሥርዐት ደቀ መዝሙር ከገባበት ዕለት አንሥቶ ረድእ ነው። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አረጋውያንን ያገለግላል። እየጸና ሲሄድ እንግዳ የመቀበል፣ ዕቃ ቤት የመጠበቅ፣ በመጨረሻም ማኅበሩን የመመገብና የማስተዳደር አደራ ይሰጠዋል። በጉባኤ ቤትም ቢሆን መምህሩ ሁሉን ብቻውን አያስተምርም፤ ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል። ስለሆነም አንድ ሰው መምህር ተብሎ ከመሾሙ አስቀድሞ ለዓመታት ሲያስተምር፣ መጋቢ ተብሎ ከመጠራቱ አስቀድሞም የእህሉን ልክ ሲያውቅ ቆይቷል።

ይህ አሠራር ያስገኘው ፍሬ የታወቀ ነው። ከአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርት መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ሄደው በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ አባ ኂሩተ አምላክ በጣና ሐይቅ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም አቀኑ። እያንዳንዱ ወጪ በበኩሉ ደቀ መዛሙርት አፈራ፤ እነርሱም ተላኩ። የሐይቅ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕረግ ነበረው። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐቃቤ ሰዓቱ በቤተ መንግሥት ከነገሥታቱ ቅርብ አማካሪዎች አንዱ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። የማዕረጉ ትርጉም ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው።

የነርስነት ትምህርትና የመላክ ልማድ

ዘመናዊው የነርስነት ትምህርት ሲጀመር የተከተለው መንገድ ከግሼን ይልቅ ለሐይቅ የቀረበ ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. 38 ነርሶችን አስከትላ ወደ ክራይሚያው ጦርነት ሆስፒታል በሄደች ጊዜ ዝናዋ የወጣው በመብራቷ ነው። ሆኖም ሥራዋን የለወጠው የጽዳት፣ የምግብ፣ የልብስ አጠባና የመዝገብ አያያዝ ሥርዐት መዘርጋቷ፣ ከጦርነቱ በኋላም የሞትን ቁጥር በየምክንያቱ ለይታ ለባለሥልጣናት ማቅረቧ ነው። ከበሽተኛው አልጋ ጎን መቆምንና የሆስፒታል አስተዳደርን እንደ ሁለት ሙያ አልቆጠረቻቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1860 ዓ.ም. በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስሟ የተከፈተው ትምህርት ቤት 15 ተማሪዎችን ተቀብሎ ጀመረ። ተማሪዎቹ በሕሙማን ክፍሎች ውስጥ፣ በክፍል ኃላፊዎች ሥር ሆነው ይማሩ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዓላማ ለአንድ ሆስፒታል ሠራተኛ ማቅረብ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎች ሆስፒታሎችን የሚያቀኑ ኃላፊዎችን ማፍራት ጭምር ነበር። አግነስ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ዓ.ም. ከ12 ነርሶች ጋር ወደ ሊቨርፑል የድሆች ሆስፒታል ተላከች። ሉሲ ኦስበርን እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. ከአምስት ነርሶች ጋር ወደ ሲድኒ፣ አውስትራልያ ተሻገረች። ከአንድ ቤት የወጡ፣ በአንድ ሥርዐት ያደጉ፣ ሌላ ቤት ሊያቆሙ የተላኩ ነበሩ።

ከአምባሰል ቤት እስከ ሕሙማን ክፍል

በኢትዮጵያ የነርስነት ሙያ የተጸነሰው በጦርነት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲመሠረት የኢጣልያ ወረራ በደጅ ነበር። ከአምስት ወራት በኋላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ዕለቱ በሐይቅ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዓል የሚከበርበት ቀን ነበር። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ከድብደባው አልተረፈም። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ ምድር መደበኛ የነርስ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ በየግንባሩ የተሰለፉት የሕክምና ቡድኖች በአመዛኙ በውጭ አገር ሐኪሞች የሚመሩ ነበሩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአምባሰል ስም በአንድ ቤተ ሰብ በኩል ይገባል። እቴጌ መነን አስፋው የአምባሰሉ ገዥ የጃንጥራር አስፋው ልጅ፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ነበሩ። ጃንጥራር የአምባሰል ገዥዎች የሚጠሩበት ማዕረግ ነው። እቴጌይቱ እ.ኤ.አ. በ1931 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከፈቱ። ይህ ነገር ለነርስነት ታሪክ ያለው ዋጋ በቀላሉ አይታይም፤ ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረች ልጅ የመድኃኒት መጠን ልታሰላ፣ የሕሙማን ሰንጠረዥ ልትሞላ አትችልም። የሴቶች ትምህርት ቤት በር ባይከፈት ኖሮ የነርስ ትምህርት ቤት ተማሪ ባላገኘ ነበር።

የእቴጌይቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፈው ሄዱ። በስደት ዘመናቸው በለንደን ታላቁ ኦርመንድ ጎዳና በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛዋም ጀማሪ ገብተው ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስነት ምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ሥልጠናቸውን ቀጠሉ። በልደታቸው ለክብር የታጩ ልዕልት ለሙያቸው የመረጡት መንገድ የረድእነት መንገድ ነበር። ከአምባ ለመውረድ መብቱ የነበራቸው ሴት በሐይቁ ደጅ ገቡ ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ልዕልት ፀሐይ ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ሳሉ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመታቸው አረፉ። በስማቸው የታነጸው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ሲከፈት ነርሶችን ማሠልጠን ከዓላማዎቹ አንዱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊትም የቀይ መስቀል የነርስ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል፤ የኢትዮጵያ ነርሶች ማኅበርም በዚያው ዘመን ተመሠረተ።

በእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች የተማሪዋ ሕይወት ከሕሙማን ክፍል አይለይም ነበር። ቀን ትሠራለች፣ ሌሊት ተረኛ ትሆናለች፣ በክፍል ኃላፊዋ ፊት ርክክብ ትሰጣለች። አሠራሩ ጉድለት ነበረው። ተማሪ እንደ ርካሽ ጉልበት ሊቆጠር ይችላል፤ በድካም ብዛትም ትምህርቱ ይረሳል። በዚያ ላይ ሜትሮኖቹና የትምህርት ቤት ኃላፊዎቹ በመጀመሪያ ዓመታት የውጭ አገር ዜጎች ስለነበሩ የመሪነት ወንበሩ ለኢትዮጵያዊቷ ነርስ ራቅ ብሎ ይታይ ነበር። ቢሆንም ያን ወንበር በየቀኑ ታየዋለች፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ሥራ ስትከፋፍል፣ ስትቆጣጠር፣ ስትቆጣና ስታርም ትመለከታለች። በኋላም ኢትዮጵያውያን ነርሶች ሜትሮንነቱንና ትምህርት ቤቶቹን ተረክበው መሩ።

ጎንደርና ጅማ፦ በቡድን መማር

በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ለዚህ ታሪክ ሌላ ምዕራፍ ከፈተ። በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ የገጠሩ ሕዝብ ያለ ጤና ባለሙያ መኖሩን በግልጽ አሳይቶ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ያሠማራ ጀመር። የማኅበረሰብ ነርሷ ሥራ ከአልጋ ጎን ወጥቶ ወደ ቤት ለቤት ጉብኝት፣ ወደ እናቶችና ሕፃናት ክትትል፣ ወደ ገበያና ትምህርት ቤት ተስፋፋ። በዚያ የሚያዛት ሜትሮን የለችም፤ ዕቅዱን ራሷ ታወጣለች፣ ረዳቶቿን ራሷ ታሠማራለች።

በ1970ዎቹ የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ትምህርቱን በማኅበረሰብ ላይ አቆመ። በጅማና በጎንደር የዳበረው የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም የተለያየ ሙያ የሚማሩ ተመራቂ ተማሪዎችን በአንድነት ወደ ወረዳ ልኮ የሕዝቡን የጤና ችግር እንዲያጠኑ፣ ቅደም ተከተል እንዲያወጡ፣ ከአካባቢ አስተዳደር ጋር ተነጋግረው መፍትሔ እንዲሞክሩ ያደርጋል። የነርስ ተማሪ በዚህ ቡድን ውስጥ የሐኪም ታዛዥ ብቻ ሆኖ አይቆጠርም። አንዱን ሥራ እርሱ ይመራል፤ የሕክምና ተማሪውም በእርሱ ሥር ይሠራል። የሐይቅ መንገድ በዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከቀጠለባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው።

ዳግም ወደ አምባው

ከ1990ዎቹ ወዲህ የነርስ ትምህርት በኢትዮጵያ በፍጥነት ሰፋ። በየክልሉ የጤና ሳይንስ ኮሌጆች ተከፈቱ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በመጀመሪያ ዲግሪ ማሠልጠን ጀመሩ። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ በሚገኘው ግቢው ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን በየቀበሌው አሠማራ። በዚህ አወቃቀር አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ የሚያገለግል ሲሆን፣ በሥሩ አምስት ጤና ኬላዎችን ይደግፋል፤ በእያንዳንዱ ኬላ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቢኖሩ ዐሥር ሰዎች ማለት ነው። ስለዚህ በጤና ጣቢያ የተመደበ ነርስ ወደደም ጠላም የሌሎች ሰዎች ሥራ አስተባባሪ ይሆናል።

የመስፋፋቱ ጥቅም አያጠያይቅም። ነገር ግን ተማሪው ሲበዛና መምህሩ ሲያንስ፣ በአንድ አልጋ ዙሪያ ተማሪዎች ተደራርበው ሲቆሙ፣ አደራ መስጠት አስቸጋሪ ሆነ። የነርሲንግ አመራርና አስተዳደር የሚባለው ትምህርት በሥርዐተ ትምህርቱ ውስጥ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚሰጠው ወደ መጨረሻው ዓመት፣ በመማሪያ ክፍል፣ ከአጭር ልምምድ ጋር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተናም የሚመዝነው በወረቀት ሊጠየቅ የሚችለውን ዕውቀት ነው። ተማሪው ስለ መሪነት ያነብባል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። ከዚያም የምደባ ደብዳቤ ይደርሰውና ከአምባው ይወርዳል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ለማየት አንድ ሌሊት ማሰብ ይበቃል። ቦታው ከዋናው ጎዳና ርቆ በአምባሰል ደጋ ያለ ማናቸውም ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። ከተመረቀች ስድስት ወር ያልሞላት ነርስ ተረኛ ናት። አንዲት እናት በሰላም ወልዳ ሳለ ደም ይፈስሳት ጀመር። ነርሷ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች፤ ኦክሲቶሲን ያስፈልጋል፣ ማሕፀኑን ማሸት፣ ደም ሥር መክፈት፣ ሪፈር ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ኦክሲቶሲኑ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀመጥ በማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። የማቀዝቀዣው ክፍል ቁልፍ ግን ከቀን ተረኛው ጋር ወደ ቤት ሄዷል። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ነው። የሾፌሩን ስልክ የሚያውቀው ዘበኛው ብቻ ነው።

በዚያች ሌሊት የጎደለው የሕክምና ዕውቀት አይደለም። የጎደለው ቁልፉ በማን እጅ እንደሚያድር የሚወስን ሥርዐት፣ የአስቸኳይ መድኃኒት ሣጥን በየርክክቡ የሚቆጠርበት ልማድ፣ ስልክ ቁጥሩ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት አስተሳሰብ ነው። ይህ ሁሉ መሪነት ይባላል። መሪነት የቢሮ ወንበርና የስብሰባ ንግግር መስሎ ለተማረ ሰው ግን የቁልፍ ጉዳይ ከመሪነት አይቆጠርለትም። ነርሷ ጥፋተኛ ሆና በማግሥቱ ልትወቀስ ትችላለች፤ ዳሩ ግን ቁልፍ የመጠየቅ፣ ሥርዐት የመለወጥ ሥልጣን እንዳላት በአራት የትምህርት ዓመታት ውስጥ ማንም አላሳያትም።

ከሐይቅ የሚወሰድና የማይወሰድ

ታሪኩ የሚጠቁመው መፍትሔ አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ የትምህርት ርእስ አይጠይቅም። አደራን በየደረጃው ማከፋፈልን ይጠይቃል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ርክክብን ሰምቶ ያልተነገረውን ነገር ለይቶ ማመልከት ይችላል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጥቂት ሕሙማንን በክትትል ሥር ይዞ ለቀጣዩ ተረኛ ራሱ ሊያስረክብ ይችላል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የክፍሉ ኃላፊ በአጠገቡ እያለ ለአንድ ፈረቃ ሥራ ሊያከፋፍል፣ የአስቸኳይ ሣጥኑን ሊቆጥር፣ በመጨረሻም ስለ አመራሩ አስተያየት ሊቀበል ይችላል። የአራተኛ ዓመት ተማሪ በጤና ጣቢያ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተቀምጦ የወሩን ሪፖርት ሊመረምር፣ ያልተከተቡ ሕፃናት የት ቀበሌ እንደበዙ ሊያሳይ ይችላል። ትልቁ ተማሪ ትንሹን ቢያስቀጽል የመምህራን እጥረትም በመጠኑ ይቃለላል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ ቡኮ ሳይነካ ያደገ ልጅ ግን ጎልምሶም ማቡካት አይሆንለትም።

ለዚህ ዋናዋ ሰው የክፍል ኃላፊዋ ነርስ ናት። የኔታ የሌለበት ጉባኤ እንደማይኖር ሁሉ፣ ተማሪን ለማስተማር ጊዜ የሚሰጣት ኃላፊ ከሌለች ልምምዱ ከስም አያልፍም። ማስተማሯ እንደ ተጨማሪ ሸክም ሳይሆን እንደ ሥራዋ አካል ተቆጥሮ በሥራ ድልድሏ ውስጥ ሊገባ ይገባል።

ከሐይቅ የማይወሰድ ነገርም አለ። ገዳሙ ሴቶች የማይገቡበት የወንዶች ገዳም ነው። በነርስነት ሙያ ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከዐሥር ነርሶች ዘጠኝ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. እንደገለጸው ሴቶች ከዓለም የጤና ሠራተኞች 70 በመቶውን ይዘው ሳለ ከከፍተኛ የኃላፊነት ቦታዎች የያዙት ሩቡን ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ወንዶች ነርሶች ብዙ ከመሆናቸው የተነሣ የሴት ተማሪዎችን የመሪነት ዝግጅት በተለይ አለመከታተል ያንኑ ክፍተት ያሰፋዋል።

ሁለተኛው የዝምታ ጉዳይ ነው። በገዳም ረድእ ለአበው መታዘዝና ዝም ማለት እንደ በጎ ምግባር ይቆጠርለታል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ግን ጀማሪዋ ነርስ የፋሻው ቁጥር እንደጎደለ አይታ ዝም ብትል በሽተኛው ይጎዳል። ታላቅን ማክበር በኢትዮጵያ ባህል ሥር የሰደደ እሴት ነው፤ ስለዚህም አክብሮ መቃወም ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ሊሰጥ ይገባዋል። ተማሪዋ ገና በትምህርት ላይ ሳለች «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቁጥሩ አልሞላም፤ ከመስፋታችን በፊት እንቁጠር» ማለትን በአፏ ካልተለማመደች በተመረቀች ማግሥት በድንገት ደፋር አትሆንም።

በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ደሴና አካባቢዋ የውጊያ ቀጣና በሆኑ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ከባድ ዘረፋና ውድመት ደርሶበት ነበር። ከ86 ዓመታት በፊት ቦምብ የወደቀባት ከተማ ዳግመኛ ያለ ሙሉ ሆስፒታል ቀረች። እንዲህ ያለ ተቋም እንደገና ሲነሣ መሣሪያውን ከውጭ ማምጣት ይቻላል፤ የትኛው ክፍል አስቀድሞ ይከፈት፣ ባለው ጥቂት መድኃኒት ማን ይታከም፣ የተበታተነው ሠራተኛ እንዴት ይሰብሰብ የሚለውን የሚወስኑት ግን በቦታው ያሉት ባለሙያዎች ናቸው። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን ሰው ቀኑ ሲደርስ ተፈልጎ አይገኝም።

ዐቃቤ ሰዓት የሚለው የሐይቅ ማዕረግ ዛሬ ከቤተ መንግሥት ታሪክ ጋር አብሮ ቀርቷል። ሥራው ግን አልቀረም። በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው የመድኃኒቱን ሰዓት፣ የትኩሳቱን ሰዓት፣ የምጡን ሰዓት፣ የርክክቡን ሰዓት ቆጥራ የምትጠብቀው ነርስ ናት። በውጫሌም ሆነ በሐይቅ በሌሊት ተረኛ የምትሆነው የነገዋ ምሩቅ ያን ሰዓት መጠበቅ የምትለማመደው ዛሬ ተማሪ ሳለች፣ ልምድ ያላት ነርስ በአጠገቧ ቆማ ቁልፉን ስታስረክባት ነው።